ባዶ የተመለሰ ሳህን



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን! በዛሬው ዝግጅታችን በሁላችንም ቤት ስላለ አንድ ዕቃ ልናወጋችሁ መጥተናል። ዕቃው ሳህን ነው። ራሳችን የምንበላበትን ማለታችን አይደለም። በረመዳን የመግሪብ አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው፣ በዒድም ከሶላት መልስ፣ በሌላ ሳህን ተከድኖ በልጅ እጅ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደውን ማለታችን ነው።

ባደግንበት ሰፈር ይህ ሳህን የራሱ ሕግ ነበረው። ባዶውን አይመለስም። እናቶቻችን የመጣላቸውን ምግብ ገልብጠው፣ ሳህኑን አጥበው፣ ከቤት ያለውን ጣል ያደርጉበታል። አንዳንዴ ሁለት እንቁላል፣ አንዳንዴ እፍኝ ቆሎ፣ ምንም ከጠፋ ደግሞ ትንሽ ስኳር ይሆናል። እኛ ልጆቹ መንገድ ላይ እንቀምስለት ስለነበር ስኳሩ የሚደርሰው ግማሹ ነው፤ አላህ ይማረን። የዚህን ልማድ መልካምነት የሚጠራጠር የለም። ይሁንና እኛ ራሳችን ይህንኑ መልካም ልማድ ይዘን እንዴት አንዲት እናት እንዳሳዘንን እንንገራችሁ።

ወደ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ነው። ከእኛ በታች ባለው ወለል ላይ ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ይኖራሉ። በመጀመሪያው ረመዳን ገና ስማችንን እንኳ ሳያውቁ የምስር ሳምቡሳ ላኩልን። ስድስት ፍሬ ነበር። ልጆቻችን ተሻሙበት። እኛም ሳህኑን ባዶውን አንመልስም ብለን ከኬክ ቤት የተገዛ ኬክ ሞልተን ላክን። በሳምንቱ ሌላ ሳምቡሳ መጣ፤ በቅላዋና በካርቶን የታሸገ የውጭ ተምር ጨምረን መለስን። ደግ የሠራን መስሎን ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ቀረ። በዒድም አልመጣም፤ በአረፋም አልመጣም። ምን አስቀይመናቸው ይሆን ስንል ሰነበትን። ኋላ የልጅ ልጃቸው ከልጃችን ጋር ስትጫወት ነገሩን አወጣችው። አያቷ «ለነዚህ ሰዎች ከእንግዲህ ምን ይላካል? የእኛ ሳምቡሳ ከነሱ ኬክ ጋር ምኑ ይወዳደራል?» ብለው መተዋቸውን ነገረቻት።

እዩት እንግዲህ! እኛ ስጦታ ያልነው እሳቸው ዘንድ የማይከፈል ዕዳ ሆኖ ደረሰ። በገዛ ሳህናቸው በራቸውን ዘጋንባቸው።

ውድ አድማጮቻችን! ይህ በእኛ ቤት ብቻ የደረሰ አይመስለንም። ሰው እየተሰበሰበ የሚበላበትን ድግሳችንን ተመልከቱ። «እሷ ይህን ሠራች፣ እኔ ከዚያ ማነስ የለብኝም» የሚል ሩጫ ገብቶበታል። ወጪውን የማትችለው እህት ምን ታደርጋለች? አሞኛል ብላ ትቀራለች። ቀርታም ምክንያቷን የሚጠይቃት የለም።

ዲናችን ግን ይህን በር ገና ድሮ ዘግቶታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሴቶችን በመጥራት፣ ጎረቤት ለጎረቤቷ የምትሰጠውን የበግ ሰኮና እንኳ ቢሆን እንዳትንቅ ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለሞች ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ ንግግሩ ለሁለቱም ወገን ነው ይላሉ። ሰጪዋ ያላትን አሳንሳ አይታ ከመስጠት አትቅር፤ ተቀባይዋም የመጣላትን አትናቅ። ለአቡ ዘር (ረ.ዐ.) የመከሩትም ሾርባ ሲሠራ ውሃውን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ ነው፤ ሙስሊም ዘግቦታል። ልብ በሉ! ሥጋ ጨምር አላሉትም። ውሃ ጨምር ነው ያሉት። ውሃ የሌለው ቤት ደግሞ የለም። (የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በዚህ ላይ ትንሽ ተቃውሞ ሊኖራችሁ እንደሚችል እናውቃለን።)

የሳህን ነገር በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቤትም ተከስቷል። ቡኻሪ ከአነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንዷ ባለቤታቸው ቤት ሳሉ ሌላዋ ባለቤታቸው በጎድጓዳ ሳህን ምግብ ላከች። ባለ ቤቷ የአገልጋዩን እጅ መታችና ሳህኑ ወድቆ ተሰበረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አልጮሁባትም። ስባሪውን ሰበሰቡ፣ የፈሰሰውን ምግብ ለቀሙ፣ በቦታው ለነበሩትም እናታችሁ ቅናት ይዟት ነው አሏቸው። ከዚያ ደህና ሳህን አስመጥተው ለላከችው ላኩላትና ስባሪውን በሰበረችው ቤት አስቀሩት። ምግብ በመላላክ ውስጥ ቅናት ሊገባ እንደሚችል፣ ቢገባም በምን ዓይነት ርኅራኄ እንደሚታይ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላገኘንም።

«እሺ፣ ውለታ አይመለስም ወይ?» ትሉን ይሆናል። ይመለሳል። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስጦታ ይቀበሉና ምላሽም ይሰጡ እንደነበር መናገሯን ቡኻሪ ዘግቦታል። ነገር ግን «ጀዛከላሁ ኸይረን» ያለ ሰው ምስጋናውን አሟልቶ እንዳቀረበ የሚገልጽ ሐዲስም ቲርሚዚ ዘግቧል። ዱዓ ምላሽ ነው ማለት ነው። ዱዓ ደግሞ ማንንም አያስንቅም፤ ማንንም በኬክ አይበልጥም።

እኛስ ያበላሸነውን እንዴት አስተካከልን? መጀመሪያ ሌላ ነገር ይዘን ልንሄድ አስበን ነበር። ይህ ደግሞ ቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ እንደሚሆን ገባን። ስለዚህ ባዶ እጃችንን ወርደን አንኳኳን። «እማማ፣ የእርስዎ ሳምቡሳ ዘይት አይጠጣም፤ የእኛ ግን እንደ ሰፍነግ ይመጣል። ምን እያደረጉ ነው? ያስተምሩን» አልናቸው። ፊታቸው በራ። «እናንተ ልጆች፣ ይህን ደግሞ ማን ይጠይቃል?» አሉና ቁጭ በሉ አሉን።

ያሉንን እንዳለ እናካፍላችሁ፤ ፈቅደውልናል። ድፍን ምስሩ ይለቀምና ይታጠባል። ሲቀቀል ፍሬው መፍረስ የለበትም፤ ተነክሶ ገና ጠንከር እንዳለ ይወጣል። ውሃው በደንብ ይጠለልና በሰፊ ትሪ ላይ ተበትኖ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። «የእናንተ ጥፋት እዚህ ጋ ነው» አሉን። ምስሩ ትኩሱን ከተጠቀለለ እንፋሎቱ ሊጡን ያረጥበዋል፤ የረጠበ ሊጥ ይቀደዳል፤ በተቀደደው ዘይት ይገባል። ደቆ የተከተፈው ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ቁንዶ በርበሬውና ጨው የሚገቡት ምስሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ጨው ደግሞ ከሽንኩርቱ ውሃ ስለሚያወጣ ከተጨመረ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ቶሎ ይጠቀለላል።

ሊጡ ዱቄት፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይትና ውሃ ነው። ጠንከር ተደርጎ ይታሽና በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ያርፋል። በስሱ ተዳምጦ ምጣድ ላይ ለአፍታ ግራና ቀኙ ይነካካል፤ እንዲበስል ሳይሆን እንዳይጣበቅ ነው። ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ከተሞላ በኋላ አፉ በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ይታሸጋል። ዘይቱን ለመለካት ቁራሽ ሊጥ ጣል ይደረጋል። ታች ተኝቶ ከቀረ ዘይቱ ገና ነው፤ ወዲያው ከጠቆረ አልፏል፤ አረፋ እያወጣ ቀስ ብሎ ከተነሣ ጊዜው ነው።

እህቶች! ከናንተ መካከል አሠራሯን የምትደብቅ አለች። ስትጠየቅ «ምንም የለውም፣ ዝም ብሎ ነው» ትልና አንዷን ቅመም ትዘላለች። ሞያችን ከእጃችን ይወጣል ብለን ከሆነ አይወጣም። ዓረብ አገር ሠርተው የመጡ እህቶቻችን ከብሳን ለስንቱ ቤት አስተማሩ! እስካሁን ግን «የእከሊት ከብሳ» እየተባለ በስማቸው ይጠራል። አሠራር የጠየቅነው ሰው ሰጪ ይሆናል፤ ኪሱ ባዶ ቢሆን እንኳ።

ጎረቤት ሲባል ደግሞ ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) በቤቱ በግ ታርዶ ሳለ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁ ወይ እያለ ይጠይቅ እንደነበር አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው ያለመብላት የቆየ ልማድ አለ። አባቶቻችን በዚህ ተጣልተው አልተለያዩም። በሠርግ ለሌላው ወገን እንግዳ ለብቻ ያሳርዱ፣ ድስቱንም ይለዩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጀመሪያ ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ሲገቡ የእማማ ሳምቡሳ ጥቅሙ ታየ። ሥጋም ቅቤም እንቁላልም የለበትም። ለእኛ ማፍጠሪያ ሆነ፤ ፊት ለፊታችን ላሉት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጾማቸውን ሳይነካ ከዚያው መጥበሻ ደረሳቸው።

ስለ አረፋ ሥጋም አንድ ነገር እንበል። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደነገረችን፣ በአንድ ዓመት ችግረኞች ከገጠር ወደ መዲና በመምጣታቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኡድሒያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ አዘዙ። በኋላ ግን ክልከላው በነዚያ ችግረኞች ምክንያት እንደነበር ነግረዋቸው እንዲበሉም፣ እንዲያስቀምጡም፣ እንዲመጸውቱም ፈቀዱ፤ ሙስሊም ዘግቦታል። ማስቀመጥ ተፈቅዷል፤ አንከራከርም። ነገር ግን ማቀዝቀዣችን እስከ በሩ ሞልቶ፣ ሥጋው እስከ ሁለት ወር ተደርድሮ፣ ከታች ያለው ቤት ግን የጥብሳችንን ሽታ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ ያ ዓመት ዛሬም በደጃችን እንዳለ ማሰብ ይኖርብናል።

ድግስ የምታዘጋጁ ወዳጆቻችንም ሁሉም ከየቤቱ ይዞ ይምጣ ስትሉ «ያላችሁን» የምትለዋን ቃል አትርሱ። አንዷ ሩዝ፣ አንዷ ሰላጣ፣ አንዷ ቡናውን ትያዝ፤ ያልቻለች ቡናውን በማፍላት ትሳተፍ። የቀረበውን ግን አናማ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብ ነቅፈው አያውቁም፤ ካሻቸው ይበሉ፣ ካላሻቸው ይተዉት ነበር። ይህንንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። «ጨው በዛበት» የምትል አንዲት ቃል ስንት ሳህን እንዳስቀረች አላህ ያውቃል።

በቀጣዩ ረመዳን ከመግሪብ በፊት በራችን ተንኳኳ። የእማማ የልጅ ልጅ ናት፤ ያንኑ ሳህን ይዛለች። አምስት ሳምቡሳ ነበረበት። እኛ ቤት በዚያ ቀን በቅላዋም ተምርም ነበር፤ እጃችን ወደዚያው ሊሄድ ምንም አልቀረው። ሳህኑን አጥበን፣ አድርቀን፣ ባዶውን ሰጠናትና «ለእማማ ጀዛኪላሁ ኸይረን በይልን፤ የእኛ ደግሞ ዛሬም ተቀደደ፣ ነገ መጥተን እንጠይቃለን በያቸው» አልናት። ልጅቷ ሳህኑን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ እኛን አየች፣ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ወዲያው ከታች የእማማ ሳቅ ተሰማ።