በአስም የሚሠቃዩ ደንበኞቻችንና የፋርማሲው ድርሻ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ አስም እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት የመድኃኒቶቹን አሠራር በሰፊው ለማብራራት ነበር። ይህን ግን ሁላችሁም የተማራችሁት፣ ብዙዎቻችሁም ከእኔ አብልጣችሁ የምታውቁት ስለሆነ፣ እርሱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ በራሴ ላይ የደረሰውን አንድ ነገር ላውጋችሁ።

በአንድ የከተማ ፋርማሲ በምሠራበት ዘመን አንድ አናጢ ደንበኛ ነበሩኝ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ናቸው። እንደ ሌላው ደንበኛ ሁሉ እኔን «ዶክተር» ይሉኛል፤ እኔም «ጋሼ» እላቸዋለሁ። በየሦስት ሳምንቱ እየመጡ አንድ የሳልቡታሞል ኢንሄለር ይገዛሉ። ገና ከበሩ ሲገቡ እጄ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል፤ ሒሳባቸውን ይከፍላሉ፤ «እግዜር ይማርዎ» ብዬ እሸኛቸዋለሁ። እንዲህ እያልን አራት ዓመት ያህል ቆየን። በአንድ የነሐሴ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ልጆቻቸው ደግፈው ሆስፒታል አደረሷቸውና ከሞት ለጥቂት ተረፉ። ሲሻላቸው ወደ ፋርማሲው መጥተው፣ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ሌላ ኢንሄለር ከኪሳቸው አወጡና ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት አንተ ዘንድ አልነበረም?» አሉኝ። ቤክሎሜታሶን ነበር። እኛም ዘንድ ነበረ፤ ከሳልቡታሞሉ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ።

የሸጥሁላቸው መድኃኒት ትክክለኛ፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ ዋጋውም የተገባ ነበር። የጎደለው ሒሳቡን ማስላት ነው። አንድ የሳልቡታሞል ኢንሄለር እያንዳንዱ 100 ማይክሮግራም የሆነ 200 ፓፍ ይይዛል። በሦስት ሳምንት ካለቀ፣ ሰውየው በቀን 10 ያህል ፓፍ ይወስዳሉ ማለት ነው። አስሙ የተገታለት ሰው ግን ማስታገሻውን በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ አይሻም፤ በየጊዜው ሁለት ሁለት ፓፍ ቢወስድ እንኳ፣ አንዱ ኢንሄለር ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያደርሰዋል። እኒያ አናጢ በዓመት 17 ይገዙ ነበር። ሐኪሙ የሚያያቸው ሲብስባቸው ብቻ ነው፤ አሥራ ሰባቱን ሁሉ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

እንደምታውቁት በአስም የአየር ቧንቧዎቹ ጡንቻ መኮማተር ብቻ ሳይሆን፣ የውስጥ ግድግዳቸው መቆጣትና ማበጥም አለ። ሳልቡታሞል ጡንቻውን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያላላዋል፤ ቁጣውን ግን አይነካውም። ጣራው እያፈሰሰ ከሥሩ ሣፋ እንደ መደቀን ነው። ጣራውን የሚጠግነው በኢንሄለር የሚወሰደው ስቴሮይድ ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ ሥራው ቀናትና ሳምንታት ይወስዳል። ሕመምተኛው በመጀመሪያው ቀን ለውጥ ስላላየ «ይህስ አይረባም» ብሎ ወደ ሣፋው ይመለሳል። ስለዚህም ጂና በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ድርጅት፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ መክሯል። ለቀላል አስም ማስታገሻ ብቻውን ይበቃል እየተባልን ለተማርን ለእኛ፣ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ይኸው ድርጅት በዓመት 3 ወይም ከዚያ በላይ የማስታገሻ ኢንሄለር መውሰድ ከከባድ የሕመም መነሣት ጋር፣ 12 ወይም ከዚያ በላይ መውሰድ ደግሞ ከሞት አደጋ መጨመር ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስገነዝባል።

ቸልታው የእኔና የአገራችን ብቻ አይደለም። በብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የአስም ሞት ምርመራ የ195 ሰዎችን አሟሟት መርምሮ ነበር። የታዘዘላቸው የማስታገሻ ብዛት ከታወቀው 165 ሰዎች መካከል፣ 65ቱ በመጨረሻው ዓመታቸው ከ12 የበለጠ፣ 6ቱ ደግሞ ከ50 የበለጠ ኢንሄለር ታዞላቸው ተገኘ። ሃምሳ ማለት በየሳምንቱ አንድ ያህል ነው። እያንዳንዱን በእጁ ያቀበለ ሰው እንደ ነበረ ሳስብ፣ የእኒያ አናጢ ጥያቄ ይመለስብኛል። በአንጻሩ በአውስትራሊያ በ50 ፋርማሲዎች ተካሂዶ ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ፋርማሲስቶች ለስድስት ወር ከተከታተሏቸው ሕመምተኞች መካከል አስማቸው ከከባድ ደረጃ የቀለለላቸው፣ ክትትል ካላገኙት በዝተው ተገኝተዋል።

እንግዲህ በባንኮኒው ላይ ምን እናድርግ? መጠየቅ ነው። ባለፉት 4 ሳምንታት ቀን ቀን ሕመሙ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ተሰምቶዎታል? ሌሊት ከእንቅልፍ አንቅቶዎታል? ማስታገሻውን በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ወስደዋል? ከሥራ ወይም ከመንገድ አስቀርቶዎታል? ለአንዱ ወይም ለሁለቱ «አዎን» ያለ ሰው አስሙ የተገታለት በከፊል ነው፤ ለሦስቱ ወይም ለአራቱም «አዎን» ካለ ከነጭራሹ አልተገታለትም። መድኃኒቱን እስክንጠቀልል ድረስ ባለው ጊዜ ሊጠየቅ የሚችል ነገር ነው።

ከዚያም «እስቲ አወሳሰድዎን ያሳዩኝ» እንበል። «አወሳሰዱን ያውቁታል?» ብለን ከጠየቅን ሁሉም «አዎን» ስለሚል፣ ጥያቄው ከንቱ ነው። ከ100 ሕመምተኞች እስከ 70 ወይም 80 የሚደርሱት ኢንሄለራቸውን በትክክል እንደማይጠቀሙ ይታወቃል። አንዱ ሳይነቀንቅ ይጫናል፤ ሌላው አየር ስቦ ከጨረሰ በኋላ ይጫናል፤ አንዳንዱም እንደ ሽቶ ምላሱ ላይ ይረጨዋል። እኒያ አናጢ ሲያሳዩኝ፣ የተጫኑት መድኃኒት በአፍንጫቸው ተመልሶ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ነቅንቆ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ቀስ ብሎ መሳብ ሲጀምር መጫን፣ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽን መያዝ፤ ከስቴሮይዱ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት። አንድ ጊዜ ያሳየነው በወራት ውስጥ ስለሚረሳ፣ በመጣ ቁጥር ደግመን ማየት ይገባናል።

ሰዎቻችን መድኃኒቱን የሚተዉት በድካም ብቻ አይደለም። «ኢንሄለር ልማድ ይሆናል» የሚለው ፍርሃት ሥር የሰደደ ነው፤ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ተግሣጽ ሳይሆን፣ ስቴሮይዱ በዚህ መንገድ ሲወሰድ መጠኑ ከእንክብሉ እጅግ ያነሰ መሆኑን በለዘብታ ማስረዳት ነው። የዋጋው ነገር ደግሞ እውነተኛ ችግር ነው፤ በምክር የሚፈታ አስመስዬ አልናገርም። ቢሆንም በዓመት 17 ማስታገሻ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን እያወጣ ነው፤ ሒሳቡን ከእርሱ ጋር ተቀምጦ ማስላት ነውር የለውም። ነውሩስ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ፕሬድኒሶሎን ያለ ማዘዣ በዝርዝር ቆጥሮ መሸጥ ነው፤ ይህ በመካከላችን የለም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ሌላም የእኛ ብቻ የሆነ ሥራ አለ። አስም ያለበት ሰው ለራስ ምታት አስፒሪን፣ ለወገብ ዲክሎፌናክ፣ ለዓይኑ የቲሞሎል ጠብታ፣ ለልቡ ፕሮፕራኖሎል ከዚያው መደርደሪያ ሊወስድ ይችላል። በአንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ እነዚህ አስሙን በብርቱ ይቀሰቅሱታል። መድኃኒቶቹን ያዘዙለት ሐኪሞች ልዩ ልዩ ቢሆኑም፣ ሁሉም የሚገናኙት በእኛ እጅ ላይ ነው።

አንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ያቃተው ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ሲመጣ፣ ምክሩ ቆይቶ ወዲያው ሆስፒታል እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ እስኪሄድም ሳልቡታሞሉን በስፔሰር ከ4 እስከ 10 ፓፍ በየ20 ደቂቃው መስጠት ይቻላል። ስፔሰር ከሌለ፣ በኬፕታውን በልጆች ላይ ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፋብሪካው ሥራ እንደማይተናነስ አሳይቷል።

እኔ ከዚያ ወዲህ ከባንኮኒው ሥር አንድ ተራ ደብተር አኑሬአለሁ። ስም፣ ቀን፣ የተገዛው ኢንሄለር፤ ሌላ የለበትም። አንድ ሰው በዓመት ሦስተኛውን ማስታገሻ ሲገዛ እጠይቀዋለሁ፤ ለሐኪሙም በአጭር ማስታወሻ እጽፋለሁ። የፋርማሲው ባለቤት በመጀመሪያ «ወረፋ ታስረዝማለህ፤ ደንበኛ ታባርራለህ» ብለውኝ ነበር፤ ስለ ወረፋው እውነታቸውን ነው። እኒያ አናጢ ባለፈው ዓመት የገዙት ማስታገሻ ሁለት ነው። በመጋዝ ቤታቸው ግን ዛሬም አፋቸውን ሳይሸፍኑ ይሠራሉ፤ በዚህ ገና እየተከራከርን ነን።

ባለሙያዎችም ራሳቸው ኢንሄለርን አሳዩ ሲባሉ ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳቱ ስለሚታወቅ፣ መድኃኒት የሌለባቸው ለማሳያ የሚሆኑ ጥቂት ኢንሄለሮች ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬአለሁ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ እርስ በርሳችን እንፈታተን፤ ከእኔ ጀምሩ።