ስለ አናጢ ንብ
(በትምህርት ቤታችን ዓመታዊ በዓል ቀን የተነገረ)



ማር ስለምትሰጠን ንብ ብዙ ተነግሯል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ማር ስለማትሰጠንና ስለዚህም ወዳጅ ስላጣችው ስለ አናጢ ንብ ነው። ትልቅና አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ስለ ሆነች «ጥንዚዛ ናት» የሚል አይጠፋም።

ሊቃውንት ዛይሎኮፓ ይሏታል፤ ይኸውም በግሪክኛ «እንጨት ቆራጭ» ማለት ነው። ዓይነቷ ወደ 500 ይጠጋል፤ የሚበዛውም በሙቅ አገር ነው። በአገራችንም ትገኛለች። ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቁት በጋላፓጎስ ደሴቶች ሳይቀር አለች። ጎጆዋ በእንጨት ውስጥ ስለ ሆነ፣ በባሕር ላይ የተንሳፈፈ ግንድ አድርሷት ይሆናል ተብሎ ይገመታል።

እናቲቱ ደረቅ እንጨት መርጣ በመንጋጋዋ ትፈለፍላለች። በሩ በመሰርሰሪያ የተበሳ እስኪመስል ድረስ ክብ ነው፤ ስፋቱም የጣት ውፍረት ያህል ነው። ጥቂት ከገባች በኋላ ትታጠፍና የእንጨቱን ጭረት ተከትላ ትሄዳለች። እንደ ምስጥ እንጨቱን አትበላም፤ ሰጋቱራውን ወደ ውጭ ትጥለዋለች። ከዚያም የአበባ ዱቄትና ወለላ ለውሳ እንደ ሊጥ ታስቀምጣለች፤ አንድ እንቁላል ትጥልበታለች፤ ከሰጋቱራውም ግድግዳ ሠርታ ክፍሉን ትዘጋለች። ቀጥሎ ሁለተኛውን ክፍል ትጀምራለች። እንቁላሏ በነፍሳት ዘንድ ከታወቁት እንቁላሎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

በጣሪያቸው እንጨት ላይ ቀዳዳ ያዩ ሰዎች ላምባ ያፈሱባታል። እኛም አንፈርድባቸውም፤ ያው ጎጆ ከዓመት ዓመት እየተራዘመ ከሄደ እንጨቱ ይደክማልና። ነገር ግን ቀለም የተቀባ እንጨት ብዙም አትደፍርም፤ ስለዚህ ከላምባው ይልቅ ቀለሙ ይሻላል እንላለን። ደግሞስ የፓሽን ፍሩትን አበባ ማን ያዳርስልናል? አበባው ሰፊ ነው፤ የማር ንብ ትንሽ ስለ ሆነች ዱቄቱን ሳትነካ ወለላውን ልትወስድ ትችላለች። የአናጢ ንብ ጀርባ ግን ዱቄቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

ፊታችን ላይ እያንዣበበ የሚያስፈራራን ወንዱ ነው፤ መንደፊያ የለውም። ሴቲቱ መንደፊያ አላት፤ ካልያዟት ግን አትናደፍም።

በአትክልታችን ጥግ ያሉት የደረቁ የቃጫ ግንዶች ለማገዶ እንዳይቆረጡ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ጠይቀናል። እንደዚህ ያለውን ግንድ ለጎጆዋ ትወደዋለች፤ ለመፈልፈልም ከወራጅ ይቀላታል። መልሱን እየጠበቅን ነው።