ስለ ማድያት
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ጉዳያችን ለአንዳንዶቻችሁ የሴቶች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ከኋላ ወንበርም ሣቅ እንሰማለን። ነገር ግን ባለፈው ወር ከጓደኞቻችን አንዷ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀርታ ነበርና ሣቁ ቢቆየን እንመርጣለን። በጉንጮቿ ላይ የወጣውን ቡናማ ማድያት ለማጥፋት ከሱቅ ቅባት ገዝታ ሦስት ወር ተቀባች። በመጀመሪያው ወር ፊቷ ፈካ፤ እኛም አሞገስናት። ባቆመች ጊዜ ግን ፊቷ እንደ እሳት ቀላ፤ ማድያቱም ከፊተኛው ይልቅ ጠቁሮ ተመለሰ። ያሞገስናት እኛው ነንና ከጥፋቱ ድርሻ አለን።

ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ነው። ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት ቍጥራቸው በጥቁሩም በነጩም ሰው ዘንድ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ በሥራቸው ነው። ሜላኒን ከፀሐይ የሚጋርደን ጃንጥላችን እንጂ ጠላታችን አይደለም። ማድያት የሚወጣው እነዚህ ሕዋሳት በጉንጭ፣ በግንባርና በላይኛው ከንፈር አካባቢ ከልክ በላይ ሲሠሩ ነው። የሚቀሰቅሷቸውም ፀሐይ፣ እርግዝና፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንና የዘር ውርስ ናቸው። ብጉር የሚተወው ጥቁር ነጥብ ግን ሌላ ነው፤ እርሱስ ብጉሩ ከታከመና እጃችንን ከሰበሰብን በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ስለ ፀሐይ ጥቂት እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይዋ የዋህ ትመስለናለች፤ አይደለችም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላና ቍጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። በዓይን የሚታየው ብርሃንም ማድያትን ስለሚያጠቁር የብረት ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለሙ ይመረጣል። ይህ ሳይደረግ ሌላው መድኃኒት ሁሉ ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትማ ቆዳን አቃጥሎ ይብሱን ሊያጠቁር ይችላል።

ወደ ቅባቶቹ እንመለስ። ሃይድሮኪኖን በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰኑ ወራት ሲቀቡት ይጠቅማል። ለዓመታት ሲቀቡት ግን ምን እንደሚያደርግ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1975 ጽፈዋል፤ ፊት ላይ ሰማያዊ መሳይ ጥቁረት ያወጣል፤ ይህም በቀላሉ አይለቅም። ሜርኩሪ ያለበት ቅባት ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም ይህን መሰል ቅባት ከገበያ እንዲወጣ አስገድዷል። ሦስተኛው ስቴሮይድ ነው። ቆዳን ያሳሳል፤ ሲተዉትም ፊትን ያቀላል። ሐኪሙ እንደነገሩን፣ ከምልክቱ ሲገመት የእኅታችንም ቅባት ከዚሁ ወገን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለይታችሁ ያዙ፤ ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ሲነኩት ስሜት የሌለው ምልክት ማድያት አይደለም። የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ፤ በጊዜ ከተደረሰበት ፈጽሞ ይድናል።

እኅታችን አሁን በሕክምና ላይ ናት፤ ብልቃጡን እንድናሳያችሁም ፈቅዳልናለች። ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ። ስትወጡ አንሥታችሁ ጀርባውን ተመልከቱ፤ በውስጡ ምን እንዳለ አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈበትም።