ተመልሶ የሚጠይቅ ፍቅር

በአሰላ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማደሪያ ካደረሰው በኋላ ገንዘብ ከፍሎ ዝም ብሎ አልሄደም። ተመልሶ እንደሚመጣም ለባለቤቱ ነገረው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ መመለስ ነው። ቁጥጥር ሲባል ብዙዎቻችን ጥፋት ፍለጋ ይመስለናል፤ ለታመመ ሰው ግን ክትትል የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

በጭላሎ ተራራ ሥር ለሚኖር ገበሬ የቤተሰቡ ሐኪም ጤና ጣቢያው ነው። በአገራችን አሠራር አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል፤ በሥሩም አምስት ጤና ኬላዎች ይኖሩታል። ኬላዎቹን ጤና ጣቢያው፥ ጤና ጣቢያውን ደግሞ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይከታተላል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከላይ የሚወርደው ጥያቄ «ስንት ሰው ታከመ?» የሚል ብቻ ከሆነ የበሽተኛው ኑሮ ከሪፖርቱ ውጭ ይቀራል።

ይህን አርሲ ቀድሞ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ ካዱ፥ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር የስንዴን ምርት አሳደገ። እርሻው ትርፍ ሲያስገኝ ግን አንዳንድ ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን አስወጡ። ኩንታሉ ሲጨምር የጭሰኛው ቤት ፈረሰ።

ስለዚህ የምንጠይቀውን እናስተካክል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመሩት ውስጥ ስድስቱን ወር የጨረሱት ስንት ናቸው? ያቋረጠውን ቤቱ ድረስ ሄዶ የጠየቀው ማን ነው? የክትባቱ ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑ ጠዋትና ማታ ተመዝግቧል ወይ? መብራት በጠፋበት ቀንስ? ቅጹ ባዶ ከሆነ ሠራተኛውን ከመገሠጻችሁ በፊት ቴርሞሜትሩ ይሠራ እንደሆነ እዩ። ውኃ በሌለበት ክፍል የምትሠራን ነርስ ስለ ንጽሕና መውቀስ ፍርድ አይደለም።

ሕዝቡም የሚናገርበት መንገድ አለ። ኮሚዩኒቲ ስኮር ካርድ በሚባለው አሠራር ነዋሪው ስለ አክብሮት፥ ስለ ወረፋ፥ ስለ መድኃኒት፥ ስለ አምቡላንስና ስለ ንጽሕና ለጤና ጣቢያው ነጥብ ይሰጣል፤ ከሠራተኞቹም ጋር ተወያይቶ የማሻሻያ እቅድ ያወጣል። ነገር ግን ባለሙያው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ እናት እውነቱን አትናገርም፤ ነገ ልጇን ይዛ ወደ እርሱ ትሄዳለችና። አስቀድማችሁ ሴቶቹን ለብቻቸው፥ በሚቀናቸው ቋንቋ፥ በኦሮምኛም በአማርኛም አነጋግሩ።

መድኃኒቱንም ተከታተሉ። የጤና መድን መዋጮውን የከፈለ ገበሬ «መድኃኒት የለም» ተብሎ ወደ ግል ፋርማሲ ሲላክ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። እንዲህ የሆነበት ሰው በሚመጣው ዓመት መታወቂያውን ለማሳደስ ልቡ አይነሣሣም። እርሱ ሲወጣ ደግሞ የጎረቤቱ መድን ይዳከማል።

እንግዲህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ምእመናን ሆይ፥ ከየማኅበራችሁ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መርጣችሁ ወደዚያ ስብሰባ ላኩ፤ በተከታዩም ስብሰባ እነዚያው ሰዎች ተገኝተው የተባለው መፈጸሙን ይጠይቁ። የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፥ አዲስ ክፍል ስታሠሩ የመመለሻውን ጉዞ ነዳጅ ከመጀመሪያው በበጀቱ አስገቡ። በክረምት የደጋው መንገድ ጭቃ ነው፤ በሽተኛው ግን ያንኑ ጭቃ በእግሩ ይመጣል።

እግዚአብሔር ለመመለስ ብርታቱን ይስጠን።