የማንወደውን መስማት
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሰላም ጊዜ የመናገርን ነፃነት መፍቀድ ብዙ አያስቸግርም። ነፃነቱ የሚፈተነው ጦርነት ሲታወጅ ነው። ፈተናው በዴሞክራሲ አገር እንኳ እንዴት ከባድ እንደ ሆነ ለማሳየት ከአሜሪካ ታሪክ ምሳሌ ላቅርብ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ የስለላ ሕግ የሚባል ወጣ። ሕጉ ሰላዩን ብቻ ሳይሆን የወታደር ምልመላ የሚያሰናክለውንም ይቀጣ ነበር። በ1918 የሶሻሊስቶች መሪ ዩጂን ዴብስ ኦሃዮ ውስጥ በካንተን ከተማ ጦርነቱን ነቀፉ። መሣሪያ አላነሡም፤ ተናገሩ እንጂ። 10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በማርች 1919 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን በሙሉ ድምፅ አጸና። ዴብስ በ1920 ከወህኒ ቤት ሆነው ለፕሬዚዳንትነት ቢወዳደሩ ከ900,000 በላይ ድምፅ አገኙ። በ1921 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ለቀቋቸው።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ያንን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ፥ የኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ ነገር ነው። በወጣትነታቸው በእርስ በርስ ጦርነት ሦስት ጊዜ የቈሰሉ ወታደር ነበሩ። ከስምንት ወር በኋላ፥ የአሜሪካ ጦር ወደ ሩስያ መላኩን የሚነቅፍ ወረቀት የበተኑ ስደተኞች ጉዳይ ቀረበ። ሰባቱ ዳኞች ቅጣቱን ሲያጸኑ ሆምስ ከብራንዳይስ ጋር ተለዩ። ወረቀቱን ንቀውታል፤ ነገር ግን የምንጠላውን ሐሳብ እንኳ ለማፈን አንቸኵል ብለው ተከራከሩ።

የቪየትናምን ጦርነት በመቃወም በ1965 ጥቁር ጨርቅ በክንዳቸው አስረው በመገኘታቸው ከትምህርት ቤት የታገዱ ልጆች በዚያው ፍርድ ቤት የተፈረደላቸው በ1969 ነው። ከዴብስ እስከ እነርሱ 50 ዓመት አለፈ።

የመናገር ነፃነት በሕገ መንግሥታቸው ከገባ ከ1791 ጀምሮ ነው። ሆኖም ጽሑፉ ብቻውን ዴብስን አላዳነም። ሕግ የሚሠራው ሰሚ ሲኖር ነው። ሕዝብ ሣሩን አይቶ ወደ ገደል ሲሮጥ ገደሉን የሚያሳየው ያ የተጠላው ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱን የምናውቀው ሰምተነው ነው።

እኛስ? ባለፈው ስብሰባ አንድ ጓደኛችን የማንወደውን ሐሳብ ሲጀምር በጩኸት አስቀመጥነው። ከጮኹት አንዱ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ዛሬ ከእኔ ቀጥሎ መድረኩ ለእርሱ እንዲሰጥና እስኪጨርስ ድረስ እንድንሰማው እጠይቃለሁ።