ከመልቀቂያው ማመልከቻ በኋላ ስላሉት ሠላሳ ቀናት



መምህር ወደ ሥራው ስለሚገባበት መንገድ ብዙ ተብሏል፤ ስለሚወጣበት መንገድ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ፣ መልቀቂያ ጠይቆ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ስለሚፈጽም መምህር ጥቂት ቃል ልናገር እወዳለሁ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የግል ትምህርት ቤት መምህርንም የሚመለከት ሲሆን፣ የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሕጉ ቀኑን ይቈጥራል እንጂ በነዚያ ቀናት የሚጠቍረውን ፊት አይቈጥርም።

እኔም ከዓመታት በፊት ከአንድ ትምህርት ቤት ስለቅ ይህ ደርሶብኛል። ማመልከቻዬን ባስገባሁ ማግሥት አብሮኝ ሻይ ይጠጣ የነበረ መምህር ሰላምታዬን ተወ፤ ሌላው «ገንዘብ አይቶ ከዳን» እያለ አወራብኝ። በ10ኛው ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ትዕግሥቴ አልቆ ክፉ ቃል መለስሁ። ለካ ደብተር የተሸከመ ተማሪ ከበሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ልጁ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፣ ደብተሮቹን አስቀምጦ ሄደ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ያን ቃል ልመልሰው አልተቻለኝም።

ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ያ ያኰረፈው ባልደረባዬ የኔን ክፍለ ጊዜያት በራሱ ላይ ደርቦ እንዲያስተምር ታዝዞ ነበር። የሚለቅ ሰው ሸክሙን ይዞት አይሄድም፤ በሚቀሩት ትከሻ ላይ ይጥለዋል። የቍጣውን ምንጭ ባወቅሁ ጊዜ የኔ ቍጣ በረደ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ለምን እንደምትለቁ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ አንድ አጭር መልስ ስጡ፤ ነገርን ነገር ያነሣዋልና አታብዙ። ሰላምታ የነሣችሁን ሰው እናንተ አትንሡት። የማርክ መዝገቡን፣ ትምህርቱ የደረሰበትን ምዕራፍ፣ ያልታረሙትን ደብተሮችና ቍልፉን በጽሑፍ ዘርዝራችሁ፣ ቀኑን ጠቅሳችሁ፣ በፊርማ አስረክቡ። የሥራችሁን ዓይነት፣ የአገልግሎታችሁን ዘመንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሕጉ የሰጣችሁ መብት ነውና፣ ስለ እርሱ መለማመጥም መጣላትም አያሻም።

እናንተም ክቡራን ኃላፊዎች፣ የሚለቀውን መምህር እንደ ከዳተኛ አትዩት፤ ሥራውን ማን እንደሚረከብና ድካሙ እንዴት እንደሚካስ ቀድማችሁ ወስኑ። ብዙው ኵርፊያ ከዚህ ጕድለት ይወለዳልና።

በመጨረሻው ቀን መዝገቡን ለዚያ ባልደረባዬ በእጁ ሰጠሁት። ገልጦ አየና «ምንም አላጐደልህም» አለኝ። ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም፤ ለኔ ግን በቂ ስንብት ሆነኝ። ያን ተማሪ ይቅርታ ሳልጠይቀው መውጣቴ ብቻ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ።