«አስረኸው ነበር?»
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

   

የዛሬው ርዕሳችን ስለ ሞተር ሳይክል ቁልፍና አላርም ነው። «ይህ ደግሞ ከዲን ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን አንድ የምናውቀው ወጣት በረመዳን የገጠመው ነገር ነው።

ይህ ወጣት በሞተር ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰብ ይረዳል። ሞተሩ በእርሱ ስም ይመዝገብ እንጂ ገንዘቡ የእህቱ ነው፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ከደመወዟ ቆጥባ የላከችው ነው። ስምምነታቸውም ከገቢው የእናታቸው ወጪ እንዲሸፈን፣ የተረፈው ደግሞ እርሷ ወደ አገሯ ስትመለስ መቋቋሚያ እንዲሆናት ነበር። አንድ ምሽት ለተራዊሕ ሲሄድ ሞተሩን ከሌሎች አሥር ከሚሆኑ ሞተሮች ጋር ከመስጂዱ አጥር ሥር አቆመው። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። መሪውን ግን አልቆለፈም፤ ሰንሰለትም አልነበረውም። «ከመስጂድ ደጃፍ ማን ይሰርቃል?» የሚል እምነት ነበረው። ዊትር ተሰግዶ ሲወጣ ሞተሩ የቆመበት ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘው።

ጀመዓው ከብቦ አጽናናው። አንዱ «ቀደር ነው፣ ታገስ» አለው፤ ሌላው «አላህ የተሻለ ይተካልህ» አለው። ሁለቱም ተገቢ ንግግር ነው። እህቱ ግን ስልክ ላይ አልቅሳ ካበቃች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አስረኸው ነበር?» አለችው። መልስ አልነበረውም።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ቲርሚዚ ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ፣ ግመሉን አስሮ ነው በአላህ መመካት ያለበት ወይስ ለቆ፣ ብሎ ጠይቋቸዋል። እርሳቸውም እንዲያስርም እንዲመካም አዘዙት። አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲተው አልነገሩትም። መመካት የልብ ሥራ ነው፤ ማሰር የእጅ ሥራ ነው። እጅ ሥራውን ትቶ ልብ ብቻ «ተመክቻለሁ» ሲል፣ ዑለማእ ያንን ተወኩል አይሉትም። ቃሉን ትንሽ ሳብ አድርገው «ተዋኩል» ይሉታል፤ ስንፍናን በተወኩል ስም መሸፈን ማለት ነው።

«ከመስጂድ ማን ይሰርቃል?» ለሚለውም መልስ አለ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን እንኳ ከመስጂድ ተሰርቋል። ሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ (ረ.ዐ.) ኩታቸውን ተንተርሰው መስጂድ ውስጥ ተኝተው ሳለ ሌባ መጥቶ ከራሳቸው ሥር መንትፎ ወሰደው። ሌባው ተይዞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ቀረበ፤ ተፈረደበትም። በዚህ ጊዜ ሶፍዋን አዘኑለትና ኩታውን ሊተዉለት ፈለጉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ ምሕረት ጉዳዩ ወደ እርሳቸው ከመቅረቡ በፊት መሆን ይገባው እንደነበር አስረዷቸው። ይህን አቡ ዳውድና ነሳኢ ዘግበውታል። ያ ትውልድ ምን ዓይነት ትውልድ እንደነበር እናውቃለን። እኛ በምን ተሽለን ነው የመስጂዳችን አጥር ብቻውን ይጠብቅልናል የምንለው?

የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ ታሪክ ላይ ተመሥርተው ስለ «ሒርዝ» ይናገራሉ። ሒርዝ ማለት አንድ ንብረት በልማድ የሚጠበቅበት ሥፍራና ሁኔታ ነው። ለከብት በረት፣ ለገንዘብ ሣጥን፣ ለተኛ ሰው ኩታ ደግሞ መንተራስ። ዛሬ ለሞተር የሚሆነው ምንድን ነው ቢባል መንገድ ዳር በጎን ማቆሚያው ተደግፎ መቆም ነው የሚል ሰው የሚገኝ አይመስለንም።

ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው ግን አማናው ነው። ብዙዎቹ ሞተሮቻችን የራሳችን አይደሉም። የእህት ናቸው፣ የአጎት ናቸው፣ በየቀኑ ገቢ የምናስገባለት የባለንብረት ናቸው፣ ወይም ከጓደኛ ለግማሽ ቀን የተዋስናቸው ናቸው። በአደራ የተቀመጠ ንብረት ያለ ጠባቂው ጥፋት ቢጠፋ ጠባቂው እንደማይከፍል፣ ቸልተኛ ከነበረ ግን እንደሚከፍል ሊቃውንት አስቀምጠዋል። የውሰት ነገር ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል፤ ከመዝሀቦቹ ውስጥ ተዋሹ ቸልተኛ ባይሆንም ይክፈል ያሉ አሉ። ስለዚህ የሰው ሞተር ላይ ቁልፉን ሰክቶ ሻይ ለመጠጣት የገባ ሰው «ቀደር ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ዝርዝሩን በየአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማእን ጠይቁ። እኛ ፈትዋ ለመስጠት አልተቀመጥንም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ሌባ ሞተርን የሚወስደው በሦስት መንገድ ነው፦ አስነስቶ፣ ገፍቶ ወይም ተሸክሞ። ቁልፍ ስንገዛ «ይህ የትኛውን ይከለክላል?» ብለን መጠየቅ አለብን።

መጀመሪያ ያለንን እንጠቀም። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙሮ የሚቆልፍ ቁልፍ አለው። ዋጋ አይጠይቅም፣ ሁለት ሰከንድ ብቻ ይፈጃል፤ ሆኖም ከምናውቃቸው ነጂዎች የሚበዙት አይነኩትም። ጉልበተኛ ሰው መሪውን በኃይል ጠምዝዞ ሊሰብረው ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። ቢሆንም ገፍቶ ለመውሰድ ለተዘጋጀ ሌባ የመጀመሪያው መሰናክል እርሱ ነው።

ሁለተኛው የዲስክ ፍሬን ላይ የሚገባው ትንሽ ቁልፍ ነው። ኪስ ውስጥ ይያዛል፣ ጎማውም እንዳይዞር ያደርጋል። ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት የፊት ጎማችሁን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በየከተማው ከሚሠራባቸው ርካሽ ሞተሮች ብዙዎቹ የፊት ፍሬናቸው ቸርኬው መሐል የተደበቀ ነው፤ የተበሳ ዲስክ የላቸውም። ለእነርሱ ይህ ቁልፍ ከንቱ ግዢ ነው። ዲስክ ያላችሁም ብትሆኑ ቁልፉን ረስታችሁ አስነስታችሁ እንዳትሄዱ ከቁልፉ እስከ መሪው ደማቅ ቀለም ያለው ገመድ እሰሩ። በዚህ ምክንያት አስፋልት ላይ የወደቁ ወንድሞች አሉ።

የሁለቱም ድክመት አንድ ነው። ትንሹ ሞተር 120 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው። ሦስት ሰዎች አንሥተው አይሱዙ ላይ ቢጭኑት ምንም ያህል ቢቆለፍ ያው መጫኑ ነው። ስለዚህ ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ማሰር ያስፈልጋል፤ ይህ የሰንሰለት ሥራ ነው። የብስክሌት ሰንሰለት ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን የሽቦ ገመድ ለዚህ አይሆንም፤ ረጅም እጀታ ያለው የብረት መቁረጫ በአንድ ትንፋሽ ይበጥሰዋል። የጠነከረ ብረት የሆነ፣ ቀለበቱ 12 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ይፈለግ። ጓጉንቸሩም የሰንሰለቱን ያህል ይሁን፤ ሰንሰለቱ ወፍራም ሆኖ ጓጉንቸሩ የሣጥን ከሆነ ሌባው ጓጉንቸሩን ይመርጣል። ሲታሰርም በሻንሲው ወይም በኋላ ጎማው ውስጥ ይለፍ። የፊት ጎማ በአንድ ብሎን ስለሚወጣ እርሱን ብቻ ያሰረ ሰው ጎማውን ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ሰንሰለቱ መሬት ላይ እንዳይተኛም ተጠንቀቁ፤ መሬት ላይ ከተኛ ሌባው የመቁረጫውን አንድ እጀታ መሬት አስደግፎ በሰውነቱ ክብደት ይጫነዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የብረት መቁረጫ ለያዘ ሌባ ፈጽሞ የማይበገር ቁልፍ የለም። ሰንሰለት የሚሰጠን ጊዜና ጩኸት ነው፤ ሌባ ደግሞ ሁለቱንም ይጠላል።

ስለ አላርም ብዙ ሰው ይጠይቀናል። አላርም ይጮኻል እንጂ አይዝም። ሰሚ በሌለበት ቦታ ያለ ሰንሰለት አላርም ብቻ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው ባዮች ነን። ሰሚ ባለበት ግን ጥሩ ረዳት ነው። ስትመርጡ ሲነካ ከመጮኹ ሌላ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርገውን ምረጡ። የሳይረኑ ሽቦ በእጅ ተስቦ በማይደረስበት ቦታ ይደበቅ። ባትሪውንም አስቡ፤ 20 ሚሊ አምፔር የሚወስድ አላርም በአንድ ቀንና ሌሊት ግማሽ አምፔር ሰዓት ገደማ ይጠጣል። አምስት አምፔር ሰዓት የሚይዝ ትንሽ ባትሪ ሞተሩ ሳይነሳ አሥር ቀን ቢቆም ያልቃል ማለት ነው። ለኤሌክትሪኩ ሥራ የምታምኑትን ባለሙያ ፈልጉ፤ የአላርሙን ሽቦ መንገድ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ከሁሉ በላይ የሴንሰሩ ስሜት ዝቅ ይደረግ። መኪና ባለፈ ቁጥር የሚጮኽ አላርም ሦስተኛው ጩኸት ላይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ በአራተኛው ሌባው ይመጣል። የጎረቤትም ሐቅ አለ። እኛ በምንሰግድበት መስጂድ አንድ ሌሊት በሱጁድ ላይ ሳለን አንድ ሳይረን ለቀቀው። ሶፉ ሁሉ ልቡ ውጭ ወጣ፤ እያንዳንዱ የራሱ ሞተር መስሎታል። በኋላ ሲታይ የነካው የማንም ያልሆነ ፍየል ነበር።

ገንዘብ ለሌለው ሁለት ርካሽ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው የማስነሻውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ድብቅ ቦታ ማስገጠም ነው። ሁለተኛው የቤንዚን መዝጊያ ያለው ሞተር ከሆነ ከሰልባቲዮው ሥር ያለውን መዝጋት ነው፤ ሌባው ቢያስነሳው እንኳ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ስታልቅ ጥቂት ሄዶ ይቆምበታል። በሲም ካርድ የሚሠራ ጂፒኤስ ያስገጠማችሁም ሲሙ ሒሳብ እንዳያልቅበት ተከታተሉ።

ሊብሬውን ከወንበሩ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ሞተሩን ከነማስረጃው እያስረከበ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ሞተሩ ቢጠፋ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው። ትርፉን ቁልፍ ደግሞ ባለቤታችሁ ወይም እናታችሁ ይያዙት፤ ከሚታይ ሚስማር ላይ ግን አይሰቀል።

አንድ አድማጭ «ሶላት ላይ እያለሁ የሞተሬን አላርም ብሰማ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቆናል። ቡኻሪ እንደዘገቡት አቡ በርዛ አል-አስለሚ (ረ.ዐ.) በአህዋዝ ወንዝ ዳር የእንስሳቸውን ልጓም በእጃቸው ይዘው ይሰግዱ ነበር። እንስሳዋ ስትጎትታቸው ተከተሏት። አንድ ሰው በዚህ ሲዘልፋቸው፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ብዙ ዘመቻ እንደወጡና የእርሳቸውን ማግራራት እንዳዩ፣ እንስሳዋን ለቅቀው ከሚቸገሩ ይዘዋት ቢመለሱ እንደሚወዱ መለሱለት። እዚያው ላይ ቃታዳ፣ ልብሱ የተወሰደበት ሰው ሶላቱን ትቶ ሌባውን ይከተል ማለታቸው ተጠቅሷል። ስለዚህ ወንድማችን፣ የአንተ መሆኑን ካወቅህ ውጣ፤ ተመልሰህም ሶላትህን እንደ አዲስ ስገድ።

ሌባው ተይዞ «ያዘው!» ሲባል ድንጋይ የሚያነሳም አለ። ሶፍዋን (ረ.ዐ.) ሌባቸውን ወደ ዳኛ አቀረቡት እንጂ በገዛ እጃቸው አልቀጡትም። ለፖሊስ ይሰጥ። ያለ ሊብሬ በግማሽ ዋጋ የቀረበ ሞተር ወይም መለዋወጫ የሚገዛ ሙስሊም ደግሞ ከሌባው በምን ይለያል? ይህ ጉዳይ አገርም ይጎዳል፤ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ሲገደብ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ ነበር። በዚያ ገደብ በሐላል ሠርቶ የሚያድረውም አብሮ ተጎድቷል።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ሞተሩ አልተገኘም። እርሱና እህቱ በኢማሙ ሸምጋይነት ተስማምተው ግማሹን በየወሩ እየከፈላት ነው፤ ግማሹን ይቅር ብላዋለች። የመስጂዱ ኮሚቴ ደግሞ አጥሩ ሥር ሁለት ወፍራም የብረት ቱቦ በኮንክሪት አስቀብሯል፤ ሞተሮቹ አሁን ከዚያ ጋር ይታሰራሉ። በተራዊሕ ጊዜ ሁለት ወጣቶች በየተራ በር አካባቢ ይቆያሉ፣ እነርሱ የሚሰግዱት ሌላው ከጨረሰ በኋላ ነው። የእናንተ መስጂድ ምን እንዳደረገ ጻፉልን፤ ለሌሎች እናሰማላችኋለን ኢንሻአላህ።